ስም የሌለበት ማስታወሻ

የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች የክፍላቸውን አለቃ «መብረቅ» ይሉታል፤ እሱ በሌለበት ነው እንጂ ፊት ለፊት የሚደፍር የለም። ከወገቡ የማይለየው የቁልፍ ዘለላ ሲንሿሿ ወሬ ይቆማል፤ ሻይ የያዘም ብርጭቆውን ይደብቃል።

ወጣቱ ወረቀት ቆራጭ፣ መቁረጫ ማሽኑ ላይ ሁለት ጣቶቹን ካጣ ወዲህ ግን፣ መብረቅ ባይኖርም ክፍሉ ጸጥ ማለት ጀመረ። መብረቅ ለሥራ አስኪያጁ «ልጁ ስልኩን እያየ ነበር፤ የራሱ ጥፋት ነው» ብሎ አስረዳ። ልጁም ቁስሉ ሳይደርቅ ከሥራ ተሰናበተ።

ሥራ አስኪያጁ የሰዉን መደንገጥ አይተው አንዲት አማካሪ አስመጡ። አማካሪዋ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ባዶ ደብተር አደለች።

«በየቀኑ የተሰማችሁን ጻፉ» አለች። «ምን አደረግኩ? ለምን አደረግኩ? ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የሰው ስም ግን አትጻፉ፤ የምትመረምሩት ራሳችሁን ነው።»

መብረቅ ሳቀ። «በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ድርሰት ልጻፍ?» ደብተሩን ቤቱ ወስዶ ቴሌቪዥኑ ሥር ወሸቀው።

ነገሩን ከምሯ የያዘችው ጠራዧ ነበረች። ዝምተኛ ሴት ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ሙጫውን ከጣቶቿ ታጥባ፣ ጥግ ይዛ ትጽፋለች። ስትወጣ ደብተሩን ይዛው አትሄድም፤ መሳቢያዋ ውስጥ ከብሩሾቹ ሥር ታስቀምጠዋለች። ጠረጴዛዋ ከመቁረጫው ማሽን ፊት ለፊት ነው። መብረቅ ይህን ከዚያ በፊት ልብ ብሎት አያውቅም።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለላትና ደብተሩን እንደተከፈተ ትታ ወደ ውጭ ሮጠች። መብረቅ ግራ ቀኙን አይቶ ጎንበስ አለ።

«የቁልፉ ድምፅ ሲሰማ ሁላችንም ጸጥ እንላለን። ይህን ያህል እንደምፈራው እስክጽፈው ድረስ አላወቅኩም ነበር።»

እጁ ሳያስበው ወደ ወገቡ ሄደ። ቀጥሎ ያለው ደግሞ የባሰ ነበር።

«የልጁ እጅ የተጎዳው በሱ ነው። ልጁ ራሱ ነው ያጠፋው ብሎ ለሰው ሁሉ አወራ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ?»

ሥራ ይፋጠን ብሎ የማሽኑን የእጅ መከላከያ የፈታው እሱ ነው። ልጁ ደሙ እየፈሰሰ ሲወሰድ፣ በግርግሩ መሃል መልሶ የገጠመውም እሱ ነው። ማንም አላየኝም ብሎ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁልፎቹን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታቸው። መጮህም ተወ። አንድ ሙሉ ጥቅል ወረቀት ያበላሸን ሠራተኛ «አይዞህ፣ ይስተካከላል» ቢለው፣ ሰውየው መባረሩ መስሎት ላብ አጠመቀው።

ጠራዧ ከመቀመጫዋ በተነሳች ቁጥር መብረቅ ደብተሩ ጋ ነው።

«ሰሞኑን ድምፁን ዝቅ አድርጓል። እንዲህ ሲሆን ነው ይበልጥ የምፈራው።»

«ልጁ በግራ እጁ ለመጻፍ ሲታገል አየሁት።»

ቤቱ ድረስ ሄዳ ጠይቃዋለች ማለት ነው፣ አለ መብረቅ በሆዱ።

ከሁሉም በኋላ ይህ መጣ፦ «አርብ ጠዋት እናገራለሁ። የመጣው ይምጣ።»

ሐሙስ ዕለት ወደ ጠረጴዛዋ ጠጋ አለ።

«ሰሞኑን ፊትሽ ልክ አይደለም። ምን ሆነሻል?»

«ምንም አልሆንኩም፣ አለቃ።»

«የከበደሽ ነገር ካለ… መጀመሪያ ለእኔ ብትነግሪኝ አይሻልም?»

መርፌዋን ጥራዙ ላይ ሰክታ ቀና አለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ለሚመለከተው ነው የምናገረው» አለችው።

ሠራተኛው ሲወጣ መብረቅ ወደ ኋላ ቀረ። ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣ። ቁርጥራጭ ወረቀት የሞላበት ጆንያ በር ላይ ቆሟል፤ ቀዳዶ እዚያ ውስጥ ቢቀላቅለው ማን ያገኘዋል? መክፈት አልነበረበትም፤ ከፈተው።

«የሚገርመኝ፣ ይህን አድርጎ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?»

«አይወስደኝም» አለ መብረቅ።

ባዶው ክፍል ውስጥ የገዛ ድምፁ አስደነገጠው። ከአደጋው ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ ዞሮ አያውቅም፤ ይህንንም ለራሱ እንኳ ነግሮት አያውቅም ነበር። ደብተሩን ወደ ቦታው መለሰ።

ቤቱ ሲገባ የራሱን ደብተር ከቴሌቪዥኑ ሥር ጎትቶ አቧራውን አራገፈ። ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ። ለማሽኑ አሳበበ፣ ለሥራው ጥድፊያ አሳበበ፣ ሁሉንም ደለዘው። ሳይሰረዝ የቀረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «መከላከያውን የፈታሁት እኔ ነኝ።»

አርብ ጠዋት ጠራዧን ከሥራ አስኪያጁ በር ላይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አገኛት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ከሷ አፍ ከሚሰሙት ከእኔው ይስሙት ብሎ ሳያንኳኳ ገባ።

ሁሉንም ተናገረ። መፍታቱን፣ መልሶ መግጠሙን፣ የስልኩን ውሸት። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ልጁን ያሰናበትኩት እኮ አንተን አምኜ ነው» አሉት ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ተመልሶ ይምጣ፤ እኔ እወጣለሁ።»

«ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ጠራዧ አይታለች። ይኸው በር ላይ ተቀምጣለች።»

አስጠሯት። ገብታ ከበሩ ሳትርቅ ቆመች።

«እሱ ሁሉንም ነግሮኛል» አሏት። «አንቺም የመጣሽበትን ሳትፈሪ ተናገሪ።»

ጠራዧ ግራ ተጋብታ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ መብረቅን አየች። «እኔ እንኳ የዛሬን ፈቃድ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ» አለች፤ «የልጄን እጅ በፈላ ውሃ ያቃጠለው ባሌ ነው፤ ልከሰው ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ።»