ሦስት አረፋ

አረፋ ማለት መውጫ ያጣ አየር ነው። ሳሙና ላይ ዕድሜው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ቀልጦ በቀዘቀዘ መስታወት ውስጥ ግን መስታወቱ እስኪሰበር ይኖራል። ከመሬት ተቆፍሮ በሚወጣ የከበረ ድንጋይ ውስጥ ስንጥቅና ጉድፍ እንጂ እንዲህ ያለ ክብ አረፋ አይገኝም። ስለ አረፋ ከዚህ በላይ ማወቅ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው።

ኢልሀም ኑሪ ከጥቂቶቹ አንዷ ነበረች። አንድ የአኒሜሽን ስቱዲዮ ሊቀጥራት ፈተና ሰጥቷታል፦ ውስጡ አረፋ ያለበት አሮጌ አረንጓዴ የሽቶ ጠርሙስ በኮምፒውተር ሠርታ እውነተኛ ማስመሰል። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው። ካለፈች ትቀጠራለች። ካልሆነ ኮምፒውተሯን ሸጣ፣ ከሠርጉ በኋላ የእጮኛዋን የሙንዲርን የጨርቅ ሱቅ ትይዛለች። ለሙንዲር ይህን ቃል የሰጠችው ራሷ ናት፤ ያኔ አረፋ ቀላል መስሏት ነበር።

ፈታኙ አቶ ስብሐት ማክሰኞ ዕለት ሥራዋን ለሁለተኛ ጊዜ መለሱባት።

«ይሄ አረፋ አይደለም፣ ዶቃ ነው» አሉ። «አረፋ ባዶ ነው። ብርሃን ከመስታወት ወጥቶ ባዶው ውስጥ ሲገባ ጠርዙ ይጨልማል። አንቺ መስታወት ውስጥ ሌላ መስታወት ነው የከተትሽው። ለመሆኑ እውነተኛውን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየችም። ዊንጌት አጠገብ ያለው የአባቷ የቤት ዕቃ ሱቅ ገብታ ብርጭቆውን ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሳች።

«ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አለ ኑሪ።

«አረፋ ያለበት ብርጭቆ።»

«እንከን ያለበት ዕቃ? እኔ ሱቅ?» አለ ቅር ብሎት። «ቀስ በይ፣ ደንበኛ ይሰማሻል።»

ረቡዕ ሙንዲር ሊጠይቃት መጣ። ስክሪኑን አይቶ ሳቀ።

«የውሸት ጠርሙስ ላይ ሦስት ሳምንት? ሰው እኮ እውነተኛውን በአምስት ደቂቃ ይገዛል።»

«አትሳቅብኝ፣ ሙንዲር።»

«እሺ፣ በቃ። እማዬ ደግሞ ስትሠራ ያሰርንላትን ቀለበት ታውልቀው ብላለች። የሻኪሶ ኤመራልድ ነው፣ አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ፤ እንዳይጫር።»

«ኪቦርድ ይጭረዋል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እሷ ናት ያለችው።»

ሐሙስ ጠዋት ሦስተኛው ሙከራም ተመለሰ። ኢልሀም ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና አለቀሰች። ታክሲው ዳገቱ ላይ ሲታጠፍ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጣቶቿ ላይ ወደቀች። እጆቿን ከፊቷ አውርዳ ጣቶቿን አየች፤ ለቅሶዋን አቆመች። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል አልሰማችም፤ ከሰፈሯ ሁለት ፌርማታ አለፈች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ጀዊሪያ ዓይኗን አይታ ደነገጠች።

«ምን ሆንሽ ልጄ? እንቢ አሉሽ?»

«አይ፣ እማ። አረፋ ምን እንደሚመስል አየሁ» አለችና እንደገና ማልቀስ ጀመረች።

ከዚያ በሯን ዘግታ እስከ መግሪብ ሠራች።

ዓርብ አቶ ስብሐት መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። አረፋዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ክብ፣ አንዷ እንደ ሩዝ ፍሬ ረዘም ያለች። ጠርዛቸው ጨልሟል። መካከላቸው ላይ የመስኮት ምስል ተገልብጦ ይታያል።

«ይሄን ከጭንቅላትሽ አላወጣሽውም» አሉ በመጨረሻ። «ከኢንተርኔት ፎቶ ለጥፈሽ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ። አታላይ አልቀጥርም።»

«አለጠፍኩም፣ ጋሼ። መስታወቱን ፊቴ አስቀምጬ፣ እያየሁ ነው የሠራሁት።»

«እንግዲያው መስታወቱን አሳዪኝ።»

ኢልሀም እጆቿን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ ሰበሰበች። አቶ ስብሐት መነጽራቸውን አወለቁ።

«የለም ማለት ነው?»

«አለ» አለች።

ቀለበቷን አውልቃ መብራቱ ሥር አስቀመጠች፤ አረንጓዴው ድንጋይ ውስጥ ሦስቱ አረፋዎች ታዩ፤ ሰኞ ሥራ ጀመረች፤ ሠርጉ አልተደረገም።