ሶሎ አንዳታ

«ሬሳ የሚል ቃል እንዳልሰማ» አለ ተኽለብርሃን። «ሞትም፣ ቀብርም አይግባ። ሰው ስልኩ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ አማትቦ ነው የሚያልፈው።»

ኡራኤል የካሜራውን እግር እየዘረጋ ነበር። «ታዲያ ምን እንበል?»

«ወደ አገር ቤት በክብር እናደርሳለን። በቃ። የሚገባው ይገባዋል።»

ቢሮው ሮም፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር፣ ከአንድ ፀጉር ቤት አጠገብ ነው። ግድግዳው ላይ ደመና የሚሰነጥቅ አውሮፕላን ተስሏል። የተኽለብርሃን ሥራ ሮም ላይ የሞተ ሰው አስከሬን ወደ አዲስ አበባ መላክ መሆኑን ከሥዕሉ የሚጠረጥር የለም። ከዚህ በፊት ያሠራቸው ቪዲዮዎች ሻማና በገና ብቻ ነበሩ፤ ማንም አላያቸውም። አሁን ጥራት አማረው። ጥሩ ብርሃን፣ የጠራ ድምፅ፣ ሰው የሚያምነው ፊት።

ፊቱ በሩን አንኳኩቶ ገባ። እትዬ አሰለፈች ይባላሉ። ቲቡርቲና አካባቢ ጣሊያን አሮጊቶችን ሲጦሩ የኖሩ፣ ከፋሲካ ወዲህ ግን ሥራ የተዉ ሴት ናቸው።

«አሎራ፣ እሺ የት ልቀመጥ?»

ኡራኤል ወደ መስኮቱ አዞራቸው። በዚያ ሙቀት ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አሥረውታል፤ ጥላው ዓይናቸው ላይ ይወድቃል።

«እትዬ፣ ሻሹን ትንሽ ወደ ኋላ ቢያደርጉት?»

«እሱን ተወውና መብራትህን አምጣ።»

መብራቱን አመጣ። የተጻፈላቸውን ከጎረቤት ጋር እንደሚያወሩ አድርገው ተናገሩት። «ሮም ብዙ ለፋሁ። ወደ አገሬ ስገባ ግን ማንንም ሳላስቸግር፣ በክብር፣ እስከ ደጄ የሚያደርሱኝ እነሱ ናቸው።» ውጭ ሞተር ሳይክል አለፈና ድምፁ ተበላሸ። ደገሙት። ኡራኤል አንድ ጊዜ ተጨማሪ ሊለምን ሲል የወንበሩን ጠርዝ ጨብጠው «በቃኝ፣ ልጄ» አሉ።

ማይኩን ከልብሳቸው ላይ ሲፈታ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለዚህ ምን ሊሰጥዎት ነው?»

«አንዳታዬን።»

«አንዳታ?»

«መሄጃዬን ነዋ። ሶሎ አንዳታ። መመለሻ ምን ያደርግልኛል?» ሳቁ። «አገር ቤት ያለችው እህቴ ደስታ፣ ‹መቼ ነው የምትመጪው?› እያለች ታደርቀኛለች። ቀኑን ገና ቁርጥ አድርገው አልነገሩኝም። ክረምቱ ሳይገባ ይመስለኛል።»

ኡራኤል ቀና ብሎ አውሮፕላኑን አየ።

«ለእህትዎ... ምን ይዘው ይሄዳሉ?»

«ምን እይዛለሁ? እኔ ከገባሁላት ይበቃታል።»

ሲወጡ ጠብቆ ወደ ተኽለብርሃን ዞረ። «ያውቃሉ?»

«ምኑን?»

«እዚህ ቤት የቁም ሰው ትኬት እንደማይቆረጥ።»

«ራሷ መጥታ ነው የጠየቀችኝ፤ ቃል ሰጥቻታለሁ። አንተ ቪዲዮህን አሳምር።» ተኽለብርሃን ስልኩን አነሳ። «የሥራ ኮንትራቶህን ዓርብ እፈርምልሃለሁ።»

ያለ ኮንትራቶ የኡራኤል ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አይታደስም። ስለዚህ ቁጭ ብሎ አሳመረ። የሞተሩን ጩኸት አወጣ፣ የፊታቸውን ቀለም አሞቀ፣ ፈገግታቸውን ወደ መጀመሪያው አመጣው። ባማረ ቁጥር የሚታመን ሆነ፤ በታመነ ቁጥር ጠላው።

ቪዲዮውን ሰው ተቀባበለው። ሥሩ ላይ ምርቃት ተደረደረ። «እትዬ አሰለፈች ሊገቡ ነው? እሰይ!» «አውሮፕላን ማረፊያ እንሸኛቸዋለን!» ኡራኤል መልስ ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። ዓርብ ኮንትራቶው ተፈረመ። እሑድ፣ እስኪፈረም መጠበቁ እያሳፈረው፣ ሊነግራቸው ቲቡርቲና ሄደ።

በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱለት። ከኋላቸው ክፍሉ ባዶ ነው፤ ምንጣፉ እንኳ ለሰው ተሰጥቷል። ሻንጣ ግን አይታይም።

«ቪዲዮውን አላየሁትም፤ እስቲ አሳየኝ» አሉ። ደፉ ላይ ቆመው በሱ ስልክ አዩት። «ፊቴ ሞላ ብሎልኛል።»

«መብራቱ ነው፣ እትዬ።»

«ይሁን፣ እንደዚህ ይወቁኝ። ተኽለብርሃን የነገረኝ ኮንትራቶህ ተፈረመ?»

«ተፈረመ።»

«ተመስገን። አሁን ፔርሜሶህ ይታደሳል።»

ኡራኤል ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ አወጣው፣ መልሶ ከተተው።

«እትዬ፣ እኔ የመጣሁት... ስለ ጉዞው ነው። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። የተኽለብርሃን መንገደኞች እኮ...»

«ካገኘኸው አደራ ንገርልኝ» አሉ በሩን ቀስ ብለው እየገፉ። «አጠር ያለውን ሳጥን ያቆይልኝ፤ ረጅሙ ውስጥ እንዳልንገላታ።» በሩ ተዘጋ።