የፉአድ እንቅልፍ

«አንቺ እንቅልፋም ነሽ፤ ትምህርት ደግሞ ለነቃ ሰው ነው» ነበር ያላት አባቷ ዑስማን። ያኔ ዙሌካ አስረኛ ክፍል ነበረች። ዴስክ ላይ ተኝታ ተገኘች ተብሎ ከትምህርት ቤት ወረቀት የመጣ ዕለት፣ ዑስማን ደብተሯን ከእጇ ወስዶ ለታናሽ ወንድሟ ለሰዒድ ሰጠው። በዓመቱ ሱቁ ሲከስርበት ወደ አገሩ ወደ የመን ተሳፈረ፤ በዚያው ቀረ።

አሁን 1979 ነው። ጎፋ ሰፈር ሁለቱን እህትና ወንድም ዛሬም «የአረቡ ክልሶች» ይላቸዋል። ዙሌካ አግብታለች፤ ባሏ ሰሜን ዘምቷል፤ እሷም የሰባት ወር ልጇን ፉአድን ታቅፋ እናቷ ቤት ተመልሳለች። ሰዒድ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ማትሪክ አንድ ወር ቀርቶታል። ካለፈ ዩኒቨርሲቲ፣ ከወደቀ ብሔራዊ ውትድርና።

ክኒኑ የእናታቸው የወይዘሮ ዚነት ነው። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ሐኪሙ «ውፍረት ይቀንሱ» ብሎ ያዘዘላቸው ነጭ ክኒን፤ ረሃብ ይዘጋል፣ እንቅልፍም ያባርራል። ጠዋት ጠዋት አንድ ይውጣሉ። የወሩ ግን በአስራ አምስት ቀኑ ሊያልቅ ደረሰ።

«ሰዒድ ነው» አሏት ለዙሌካ። «ዓይኑን አላየሽም? ደም መስሏል። እህል አይቀምስም።»

«ፈተናው አስጨንቆት ይሆናል፣ ኡሚ» አለች ዙሌካ፣ ጨርቅ እያጠበች። ንጹሑንም ደግማ የምታጥብ ሴት ነበረች።

ሌላው የቤቱ ጭንቀት ፉአድ ነው። አይተኛም። ጡት ይጠባና ዓይኑን አፍጥጦ ይቀራል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። እንዳይንከባለል ብላ ዙሌካ የአልጋውን አጭር እግር በሰዒድ የአስራ አንደኛ ክፍል መጻሕፍት አስደግፋዋለች፤ መንከባለሉ ቀረ፣ እንቅልፉ ግን አልመጣም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መዘነችውና «በዚህ ከቀጠለ ታጡታላችሁ» አለቻቸው።

«የሰው ዓይን ነው!» አለች ከላፍቶ ወተት የምታመጣላቸው ገዲሴ። «እንዲህ ያለ ቀይ ልጅ፣ ጠጉሩ ሐር፣ እንዲሁ ገላጣውን ይያዛል?» ከዚያ ገዲሴ፣ ዙሌካ ለባሏ ልልክ ነው ብላ የተነሳችውን ጉርድ ፎቶግራፍ አንስታ አየች። «አንቺም አልቀሻል። ባልሽ በዚህ ያውቅሻል? ሰው ሲያርፍ አንቺ ድስት ትፈትጊያለሽ። እኔስ እንዲህ ያለች ምራት ባገኘሁ!»

ሐሙስ ዕለት ሁለት ነገር ተደረገ። ጠዋት ወይዘሮ ዚነት ክኒኑን ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ቆለፉና ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩት። ከሰዓት ደግሞ ሼሁ ዘንድ ሄደው በቆዳ የተሰፋ ክታብ አመጡ፤ ፉአድ አንገት ላይ አንጠለጠሉት።

ቅዳሜ ፉአድ ተኛ። እሑድም ተኛ። ሰኞ እስኪጠግብ ጠብቶ ሳቀ።

«አልሐምዱሊላህ! አይ ክታብ!» ብለው ወይዘሮ ዚነት ለሼሁ ዶሮ ላኩ። በቤቱ ሁሉ እንቅልፍ የወረደበት መሰለ። ዙሌካ እንኳ በጠራራ ቀትር ምስር ጥዳ እምድጃው አጠገብ አንቀላፋች፤ ወጡ አረረ።

«እንቅልፋም! ለካ አባትሽ ወዶ አይደለም» ብለው ሳቁባት እናቷ።

ዙሌካ አልሳቀችም።

ማክሰኞ የሳጥኑ ማንጠልጠያ ተጣሞ ተገኘ። በመቀስ ተሞክሮ አልከፈት ብሏል። ወይዘሮ ዚነት የሰዒድን ኪስ ቢፈትሹ የጫት ቅጠል ወጣ።

«ጫት ነው ኡሚ፤ ላጥናበት ብዬ። ወላሂ ክኒንሽን አልነካሁም!»

«ታዲያ ማን ነካው? ፉአድ?»

ሰዒድ አፉን ከፈተ። ዙሌካን አያት። ክንዷ ላይ የተኛውን ሕፃን አየው። አፉን መልሶ ዘጋ።

«ውጣልኝ! ፉሪ፣ አጎትህ ቤት ሂድና እዚያ ስረቅ!»

ደብተሩን ይዞ ወጣ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጓደኛው ሙሄ እያለከለከ መጣ። «አፈሳ ነው፣ እትዬ ዚነት! መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ያፍሳሉ። ሰዒድ ‹ተማሪ ነኝ› ቢል ማን ሰምቶት፤ መኪና ላይ ጫኑት።» መሬት ወድቆ ያገኘውን የሰዒድን ደብተር ለዙሌካ ሰጣት።

ወይዘሮ ዚነት ሳምንት ሙሉ በዚያ ጉልበታቸው ከቀበሌ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ፖሊስ ጣቢያ ተመላለሱ። የሰማቸው የለም። ስምንተኛው ቀን ላይ ተመልሰው መሬት ላይ ዘጭ አሉ። ቁልፉን ከአንገታቸው በጠሱት።

«ልጄን ያስበላኝ ይኼ ነው። እንኪ፣ ሽንት ቤት ጣይልኝ። እኔ ካሁን በኋላ ክኒን የሚባል አላይም።»

«እሺ፣ ኡሚ» አለች ዙሌካ።

ዙሌካ ጓዳ ገብታ ሳጥኑን ከፈተች፤ አንዱን ክኒን ያለ ውኃ ዋጠችው፤ ከአልጋው እግር ሥር የሒሳቡን መጽሐፍ ስባ፣ ጉርድ ፎቶግራፏ የተለጠፈበት የማትሪክ የግል ተፈታኝ ካርድ ከተሰካበት ገጽ ላይ ገለጠችው፤ ከዚያም ከእንቅልፉ ነቅቶ የሚስቅላትን ፉአድን ወደ ጡቷ አስጠጋችው።