የአባቷ የዝናብ ካፖርት

«አልለብስም አልኩ እኮ!» ብትልም እናቷ አልሰማቻትም። የትራፊክ ፖሊስ የሆነውን አባቷን ቢጫ የዝናብ ካፖርት ራሷ ላይ ደፋችባት።

«ሾፌሮቹ እንዲያዩሽ ነው፣ አንቺ ግትር! እሱ እንደሆነ ዛሬ እረፍት ነው።»

ካፖርት ነው ድንኳን? ልጅቷ እየተነጫነጨች የሳይክሏን መቀመጫ በፌስታል ሸፍና ወጣች። ፍሬኑ ሲርስ አልይዝ ስለሚል ዳር ዳሩን ይዛ ቀስ እያለች ነዳች። ምን ዋጋ አለው! ያ በየዝናቡ ጭቃ የሚረጫት ሚኒባስ ከኋላዋ በርሮ መጣና ዩኒፎርሟን ጭቃ በጭቃ አደረገው። እንዲህ ሆና ደግሞ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አያስገባትም፤ ፈተናው ዛሬ ነው።

ደሟ ፈላ። «ቆይ! ለአባዬ ነግሬ መንጃ ፈቃድህን ባላስቀማህ!» እያለች ተከተለችው። አባቷ ሁልጊዜ በሚቆምበት አደባባይ መንገዱ ተዘጋግቶ ደረሰችበት። የካፖርቱን ቆብ እስከ ዓይኗ እንደደፋች እንፋሎት የሸፈነውን መስኮት በቡጢ ደበደበችው።

መስኮቱ ትንሽ ዝቅ አለ። ስድቧን ሳትጀምር ሾፌሩ ቢጫውን እጅጌ ብቻ አይቶ፣ ቀና እንኳ ሳይል ተማረረ።

«ኧረ ሳጅን፣ በፈጠረህ! የሳምንቱን ብር ትናንት ተቀብለኸኝ የለም እንዴ?»