ከማተቡ ጋር የተንጠለጠለው ወረንጦ

ደብሪቱ ለእሾህ ብላ ከማተቧ ጋር ያንጠለጠለችውን ወረንጦ የጤና ጣቢያው ነርስ ተቀብላ በእሳት ለበለበችውና የደብሪቱ ብሽሽት ላይ ወዳለው ቀይ እብጠት ጎንበስ አለች። ደብሪቱ ዓይኗን ጨፈነች። ባሏ ከሰሜን ግንባር በተመለሰ በሳምንቱ የወጣባት ነገር ቂጥኝ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ይህንኑ ፈርታ፣ ምክንያቱን ሳትነግረው፣ ቁርበቱን በር ላይ አንጥፋ ለብቻው አስተኝታዋለች።

«ተላጭተሽ ነበር?»

«ሊመጣ ነው ሲሉኝ... በምላጭ» አለች እያፈረች።

«በይ እይው።» ወረንጦው ጫፍ ላይ እንደ ቀለበት የተጠቀለለች አንዲት ፀጉር ነበረች። «ወደ ውስጥ ያደገ የራስሽ ፀጉር ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ከእንግዲህ በመቀስ ከርከም አድርጊው።»

ባሏ ከውጭ ግንቡን ተደግፎ ተቀምጦ ሲጠብቅ ሳቋን ሰማና ደንግጦ ተነሳ። «ምን አሉሽ?» አላት ስትወጣ።

«ምንም የለብሽም አሉኝ» አለችና እጁን ያዘችው። «ና እንሂድ። ዛሬ በር ላይ የሚተኛው ውሻው ነው።»