ከድንበር ድንጋዩ ሥር

ሰኞ ዶዘር ሊገባ ነው። ፀዳ ከተማ ዳር ያለችው የአየለች የጤፍ ማሳ ለቤት መሥሪያ ተሸንሽና ካለቀች ከራርማለች። አየለች ግን እጅ አልሰጥም ብላለች። «ሞፈር የሚቆረጠው ከሞኝ ደጃፍ ነው» አለች፤ «የአባቴ ደጃፍ የሞኝ አይደለም።»

መላውን ያገኘችው ከእህቷ ልጅ ከእስከዳር ስልክ ላይ ነው። በአውሮፓ የጥንት ገበሬዎች የሠሯቸው፣ ዳሌያቸው የሰፋ የሸክላ ሴቶች ከእርሻ ውስጥ ሲወጡ አየች።

«እንዲህ ያለ ነገር የተገኘበት መሬት ላይ ቤት አይሠራም» አለቻት እስከዳር።

አየለች ያንኑ ቀን ጭቃ አቦካች። ዳሌዋ ሰፊ፣ አንገቷ ረጅም ሴት ሠርታ ተኮሰቻትና በአመድ አሸቻት። ከዚያ ለባሏ ለየሻው ሰጠችው።

«ከድንበር ድንጋዩ ሥር፣ ስንዝር ያህል ቆፍረህ ቅበራት። ስንፍናህን ዛሬ እንኳ ተዋት።»

«ሸጋ፣ እቀብራታለሁ» አለ የሻው። መልካም ሰው ነው፤ እሽ ማለት አይከብደውም።

ዓርብ አየለች ያስጠራቻት የቅርስ ባለሙያ፣ ሕሊና፣ መጣች። ሽንሸናውን የሚመራው አንዱዓለምም ሰዎቹን አስከትሎ መጣ።

«ባሌ ሲያርስ እዚህ ድንጋይ ሥር ሸክላ አይቷል» አለች አየለች።

ሕሊና ስንዝር ቆፈረች፤ ምንም የለም። ክንድ ቆፈረች፤ አፈር ብቻ።

አንዱዓለም ሳቀ። «እትየ፣ ምነው ሰው ያደክማሉ?»

የሻው በዚያ ሁሉ ፀሐይ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ቆሟል። «ተይ አየለች፣ ይብቃን» አለና ክንዷን ያዘ። ፈሪ፣ አለችው በሆዷ።

«እዚሁ ነው! ቆፍሪ ልጄ። ከደከመሽ አካፋውን ወዲህ በይኝ።»

ሕሊና እንደገና አጎነበሰች። ጉድጓዱ ወገቧ ጋ ሲደርስ እጇ ቀጥ አለ። ብሩሽ አወጣች። ዳሌዋ የሰፋ፣ ራስ የሌላት የሸክላ ሴት ከአፈሩ ውስጥ ወጣች።

አየለች በገነች። ያ ሰነፍ አንገቷን ሰብሯታል። ይህን ያህል አጥልቆ መቆፈሩ ግን ገረማት።

ሕሊና ሸክላዋን አገላብጣ አየቻት። «ይህ የእኛ ዘመን ሥራ አይደለም። አቶ አንዱዓለም፣ ዶዘሩ እዚህ አይገባም።»

አየለች ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ይኸው፣ የተማረ ሰው መሰከረ» አለች ቀና ብላ። አንዱዓለም ሰዎቹን ሰብስቦ ሄደ።

ሰዉ ሲበታተን የሻው አጠገቧ መጥቶ ጋቢውን ገለጥ አደረገ። አመድ የተቀባችው ሴት ከነራሷ፣ ከነረጅም አንገቷ ጉያው ውስጥ ነበረች።