የባሕር ውሃ ማጣሪያው ምርቃት

መሐንዲስ ደርበው በስጦታ የመጣውን የባሕር ውሃ ማጣሪያ ገጥሞ ሲጨርስ ጭንቅ ያዘው። መሣሪያው ጨዋማውን ውሃ በኃይል ገፍቶ እጅግ ረቂቅ በሆነ ስስ ወንፊት ያሳልፋል፤ ጨው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ንጹሕ ውሃ ይወጣል። ከተማዋ ግን ባሕር የላትም፤ ያላት ጨው የሌለበት፣ ሰው ሁሉ የሚጠጣው ወንዝ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ በምርቃቱ ቀን ምን ልናጣራ ነው?» ሲል ኃላፊውን ጠየቀ።

«እሱን ለእኔ ተወው።»

በምርቃቱ ዕለት እንግዶቹ በቅድሚያ ያልተጣራውን ቀመሱና ፊታቸውን አጨማድደው ተፉት። የተጣራውን ሲጠጡ ግን እልልታው ቀለጠ። ደርበው ግራ ገብቶት ከጀርባ ወዳለው ገንዳ ሄደ። አራት ሴቶች ከጆንያ ጨው እየዘረገፉ የወንዙን ውሃ ያማስላሉ።

አንዷ ጣቷን ልሳ ቀና አለች።

«ኢንጂነር፣ እንደ ባሕር ሆነ ወይስ እንጨምርበት?»